የሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን አየር አወጣጥ

ሊቨሩ ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ ከተለጠጠ፣ ወይም ደጋግመው ሲጨብጡት ብቻ ከጠነከረ የፍሬኑ ዘይት መስመር አየር ይዟል። የፍሬን ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ የእጅዎ ኃይል ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ጋ ሳይደርስ አረፋ ሲጨምቅ ያልቃል።

ዘይቱ ራሱም ያረጃል፤ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት ዝቅተኛው የመፍያ ልክ አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበት ሲይዝ 155 ነው፤ ከፈላ ደግሞ መስመሩ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ሰውና ሻንጣ ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ለሚወርድ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። በየ2 ዓመቱ ይቀይሩት።

ያልተከፈተ ግማሽ ሊትር የፍሬን ዘይት፣ 8 ቁጥር የቀለበት ቁልፍ (አንዳንዱ ሞተር ሌላ ቁጥር ይፈልጋል)፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ፣ ጠርሙስ፣ ካቻቢቴ፣ ጨርቅና ውሃ ያዘጋጁ። የዘይቱ ዓይነት መሪው ላይ ባለው የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ ተጽፏል። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም።

ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ዘይቱ ቀለም ይልጣል፣ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ ይጠቡት። ማጠራቀሚያው ለጥ እስኪል መሪውን ያዙሩ። የክዳኑ ብሎኖች ለስላሳ ናቸውና ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ይዘው ጫን ብለው ይፍቱ። አሮጌውን ዘይት መጥጠው አውጥተው፣ ዝቃጩን ጠርገው በአዲስ ይሙሉ።

ቁልፉን ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ላይ ባለው የአየር ማስወጫ ብሎን ያስገቡ፣ ከላዩ ቱቦውን ይሰኩ፣ የቱቦውን ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ባለ ዘይት ይንከሩ። ሊቨሩን በዝግታ ጨብጠው ይያዙ፤ ብሎኑን ሩብ ዙር ይፍቱ፤ ሊቨሩ ሲሰምጥ ብሎኑን ይዝጉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይልቀቁ። ሳይዘጉ ከለቀቁ አየር መልሶ ይሳባል። በአሮጌ ሞተር ላይ ሊቨሩ እስከ መጨረሻ እንዳይሄድ ከሥሩ እንጨት ያስገቡ፤ ሊቨሩ የሚገፋው የፍሬን ፓምፕ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ያልለመደው ሻካራ ቦታ ከደረሰ ይቆረጣል።

በየ4 ወይም 5 ጭበጣው ማጠራቀሚያውን ይሙሉ። ከታችኛው መስመር ከወረደ ፓምፑ አየር ይውጣል፣ ሥራው ከመጀመሪያ ይጀመራል። ዘይቱ ጠርቶ ከመጣ በኋላ ቱቦው ውስጥ የማያልቁ ትናንሽ አረፋዎች ከቀጠሉ ብዙ ጊዜ በብሎኑ ጥርስ በኩል የገቡ ናቸው፤ መስመሩ ውስጥ ያለ አየር አይደሉም። ሁለተኛ ካሊፐር ካለ እሱንም እንዲሁ ያድርጉ።

ሰው ብዙ የሚቸገረው ሁሉን በትክክል ሠርቶ ሊቨሩ አሁንም ለስለስ ሲልበት ነው። አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ እኛ ግን ወደ ታች ስንገፋው ነበር፤ የመጨረሻዋ አረፋ ከፓምፑ አጠገብ፣ የፍሬኑ ቱቦ የሚታሰርበት ላይ ተደብቃለች። ክዳኑን ላላ አድርገው ሊቨሩን ከ1 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ እንቅስቃሴ ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ ያድርጉ፤ አረፋዎች ወደ ማጠራቀሚያው ብቅ ብቅ ይላሉ። እምቢ ካለ ክዳኑን ገጥመው ሊቨሩን እንደተጨበጠ አስረው ያሳድሩት። ጠዋት ሲፈቱት ብዙ ጊዜ ጠንክሮ ያገኙታል።

የፊትና የኋላ ፍሬኑ የተያያዘ ሞተር ግን የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ያለ መመሪያ መጽሐፉ አይንኩት። የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ክፍል ውስጥ አየር ከገባም አንዳንዱ የምርመራ መሣሪያ ይጠይቃል።

የአየር ማስወጫው ብሎን ቀዳዳ ስላለው በቀላሉ ይሰበራል። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ኃይል ይበቃዋል። መንገድ ከመውጣትዎ በፊት ሊቨሩን አጥብቀው ለ1 ደቂቃ ይያዙ፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይም ብሎኑ ሥር እርጥበት ከታየ ሞተሩ አይነዳም።