ከረታችሁ በኋላ ወጪና ኪሳራችሁን ለማስከፈል

የወሰደውን እህል ዋጋ አልከፍልም ያለኝን ሰው ደሴ ከስሼ ረታሁት። ለቀጠሮ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት 11 ጊዜ ወጥቻለሁ። ይህ ሁሉ ወጪ ሜዳ ላይ መቅረት የለበትም።

መጀመሪያ የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ አንብቡ። «ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ» ካለ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ትችላላችሁ። «ዝርዝር የማቅረብ መብቱ ተጠብቋል» ካለ ግን ሥራ አላችሁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከቁጥር 462 ጀምሮ፣ የሚናገረው ስለዚሁ ነው።

እያንዳንዱን ብር ለየብቻ ጻፉ፦ የዳኝነት ክፍያ፣ የጠበቃ አበል፣ ቴምብር፣ የምስክሮች አበል። «ልዩ ልዩ ወጪ» ብላችሁ በጅምላ አትጻፉ። ደረሰኝ አያይዙ። እናቴ ደረሰኞቼን በፌስታል ጠቅልላ የብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀምጣልኝ ነበር። ጣሳውን ስከፍት የአንዱ ቀለም ለቆ ባዶ ወረቀት ሆኖ ጠበቀኝ። በጣም አንገበገበኝ። እናንተ በዕለቱ ኮፒ አስደርጉ። ሚኒባስ ደረሰኝ ስለማይሰጥ እኔ የቀረብኩባቸውን ቀኖች ከመዝገቡ ቆጥሬ፣ ቀን በቀን ታሪፉን ጻፍኩ።

ለፍርድ ቤቱ ያስገባችሁት ዝርዝር ለተረታው ወገን ደርሶ አስተያየቱን ይሰጥበታል። ፍርድ ቤቱም በዝቷል ያለውን ይቀንሳል። የእኔ የጠበቃ አበል ተቀንሷል፤ መጓጓዣው ግን ሙሉ ተፈቀደልኝ።

ትእዛዙ ወጥቶም የተረታው ሰው አልከፍል ካለ የአፈፃፀም መዝገብ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ በግድ እንዲያስከፍላችሁ የምትጠይቁበትን ፋይል፣ ክፈቱ። ለዚህ 10 ዓመት አላችሁ፤ እኔ ግን በሳምንቱ ነው የከፈትኩት።