ለትምህርት ቤት ባዛር የሚሸጥ ኩኪስ በርካሽ እንዴት ይታሸጋል?

በልጄ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ባዛር ቀን፣ ኩኪሱን ገና ትኩስ እያለ ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ ሄድኩ። ስደርስ ፌስታሉ በውስጥ አልቦታል። ኩኪሱ ሻይ ውስጥ የገባ ያህል ለስልሷል። አንድ ልጅ ነካ አድርጎት ዝም ብሎ ወደ ቦንቦሊኖው ጠረጴዛ ሄደ።

ስለዚህ ማሸግ የሚጀምረው ከማቀዝቀዝ ነው። ከምድጃ የወጣ ኩኪስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዘርግቶ ይቆይ። ኬክ ከሆነ ቢያድር ይሻላል።

ፌስታሉን እርሱት። በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ተከልክሏል፣ ደግሞም አያምርም። ካኪ ወረቀት ግዙ። ቆሎና ኦቾሎኒ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እየበላን አድገናል፤ ቅቤ ያለው ነገር ግን የጋዜጣውን ቀለም ያስለቅቃል፣ ለሰው ልጅ አይሸጥም።

ሙጫም አትግዙ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሲኒ ውሃ በጥብጡና በትንሽ እሳት እስኪወፍር አማስሉ። ሲቀዘቅዝ ወረቀት ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

አሁን ከረጢቱን እንሥራ። ካኪውን በኤ4 ልክ (21 በ29.7 ሴንቲሜትር) ቁረጡና ረጅሙ ጎን ወደ እናንተ ሆኖ በአግድም ይተኛ። ግራና ቀኙን ወደ መሃል እጠፉ፤ ጫፎቹ 2 ሴንቲሜትር ያህል ይደራረቡ፣ እዚያ ላይ ሙጫ ቀቡ። 14 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቱቦ ይወጣችኋል። ታችኛውን ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ወደ ላይ እጠፉ። የታጠፈውን ከፍታችሁ ግራና ቀኙን ተጫኑት፤ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ከዚያ የላይኛውንና የታችኛውን ክንፍ መሃሉን ትንሽ እስኪያልፉ አምጥታችሁ አጣብቁ። የመጀመሪያው ከረጢት ይንጋደዳል፣ አትጨነቁ። ከአምስተኛው በኋላ እጅ ራሱ ይለምደዋል። እስኪደርቅ ድረስ መጽሐፍ ጫኑበት።

ለዳቦ ቆሎ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። እንደ ቆሎ ሻጮቹ ወረቀቱን ሾጠጥ አድርጎ መጠቅለል ይበቃል። ቅባት ለሚበዛበት ኬክ ግን ከረጢቱ ውስጥ የመጋገሪያ ወረቀት ቁራጭ አንጥፉ፤ አለዚያ ካኪው በዘይት ይወዛል።

ለማሰሪያ ሪቫን ከመግዛት ይልቅ የሐበሻ ልብስ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ዘንድ ጎራ በሉና የጥለት ቁራጭ ጠይቁ። ጣት የምታህል የጥለት ቁራጭ ካኪ ላይ ስታርፍ ከሱቅ ካርቶን የበለጠ ዓይን ትስባለች። የከረጢቱን አፍ ሁለቴ አጥፋችሁ ጥለቱን በላዩ እሰሩት። በስቴፕለር አትምቱ፤ ሽቦው ሕፃን አፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ጽሑፉን ለልጆቹ ተዉላቸው። ጎበጥ ያለች የልጅ ፊደል ናት የምትሸጠው። እናንተ ግን የተሠራበትን ነገር ማስጻፍ እንዳትረሱ፦ ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ እንቁላል። አንዳንድ ልጅ ኦቾሎኒ በጣም ይጎዳዋል። ባዛሩ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ «የጾም» የሚል ቃል በትልቁ ይጻፍ። ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የተሠራ መሆን አለበት እንግዲህ!

ዋጋውን ከኖት ጋር አስማሙት። ባለ 20 ብር ኖት የለም። የ50 ወይም የ100 ብር ጥቅል ካዘጋጃችሁ ግን መልስ ፍለጋ አትሯሯጡም፤ ወደ 50ው እንዲመጣ ከዋጋው ይልቅ የኩኪሱን ቁጥር አስተካክሉ።

ካኪ ውስጡን ስለማያሳይ፣ ከየዓይነቱ አንድ ናሙና ክዳን ባለው ሳህን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ጥቅሎቹን ካርቶን ውስጥ አቁማችሁ እንጂ ደራርባችሁ አትጫኑ። አምስት ስድስት ባዶ ከረጢትም ጨምሩ፤ አንዱ መንገድ ላይ መቀደዱ አይቀርም።