በባኩላ ካታሎግ አያያዝ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የመሥሪያ ቤት ሰርቨሮችን ስጠብቅ፣ ባኩላ በተባለው ፕሮግራም የሚወሰደው ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) ደኅና እየሠራ ሳለ ካታሎጉ ዲስኩን ሞልቶ ሁሉንም ሲያስቆም ደጋግሜ አይቻለሁ። ካታሎግ ማለት ባኩላ የትኛው ፋይል፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቮልዩም (ባክአፑ በሚጻፍበት ቴፕ ወይም የዲስክ ፋይል) ላይ እንደተቀመጠ የሚመዘግብበት ዳታቤዝ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ዲስኩ ሲሞላ ደንግጦ ያገኙትን መሰረዝ ነው። የእኛ ካታሎግ የሚቀመጥበት የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ፖስትግሬስኪውኤል፣ እስከ 9.6ኛው ስሪት ድረስ የለውጥ መዝገቦቹን ፒጂ ኤክስሎግ በሚባል ማህደር ያስቀምጥ ነበር። በስሙ ውስጥ «ሎግ» የሚል ቃል ስላለ ብዙ ሰው ተራ ማስታወሻ እየመሰለው ይሰርዘው ስለነበር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 10ኛ ስሪት ፒጂ ዋል ተባለ። ስሙ ተቀየረ፤ ስህተቱ ግን አልቀረም። አንድ ትጉህ ወጣት ባልደረባዬ በሰኔ መዝጊያ ሰሞን የዚህን ማህደር ፋይሎች ሰረዘ፤ ዳታቤዙም ከዚያ በኋላ አልነሣም አለ። ያዳነን ካታሎጉ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ሰርቨር ይገለበጥ የነበረ መሆኑ ነው፤ ከመጨረሻው ቅጂ በኋላ የተሠሩትን ባክአፖች ቢስካን በተባለው የባኩላ መሣሪያ ከየቮልዩሙ እያነበብን መልሰን ስናስመዘግብ ሌሊቱ ነጋ። እባካችሁ፣ ያንን ማህደር በእጃችሁ አትንኩ፤ ቦታ ከጠበበ ዲስኩን አስፉ፣ ወይም ከዳታቤዙ ጋር የማይገናኙትን ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩ።

መዝገብ ሲሰረዝ ዲስኩ ወዲያው ይለቀቃል ብሎ ማሰብም የተለመደ ነው። የተሰረዘው ቦታ ከቫክዩም (ከፖስትግሬስኪውኤል የጽዳት ትእዛዝ) በኋላ ለአዲስ መዝገብ ይውላል እንጂ በአብዛኛው ለዲስኩ አይመለስም። ቫክዩም ፉል ይመልሰዋል፤ ነገር ግን ሠንጠረዡን እየቆለፈ እንደ አዲስ ስለሚጽፈው ለአሮጌውም ለአዲሱም የሚበቃ ቦታ ይፈልጋል፤ በመሃል መብራት ቢጠፋም ያልተጠናቀቀው ቅጂ ቦታ ይዞ ሊቀር ይችላል።

ሌላው መዝገቦች በካታሎጉ የሚቆዩበትን የማቆያ ጊዜ ያለ ስሌት ማሳጠር ነው። ካልነኩት በቀር የፋይል መዝገብ ለ60 ቀን፣ የሥራ (የእያንዳንዱ የባክአፕ ዙር) መዝገብ ለ180 ቀን ይቆያል። እኔ ራሴ ቦታ ለመቆጠብ ስል የፋይሉን ወደ 20 ቀን አውርጄው ነበር። በሐምሌ ሒሳብ ክፍሉ ከወር በላይ የሆነው አንድ ሰነድ እንዲመለስለት ሲጠይቀኝ፣ ሰነዱ በቮልዩሙ ላይ እያለ ነጥሎ የሚያሳየኝ መዝገብ ስላልነበረ ሙሉውን ባክአፕ መመለስ ግድ ሆነብኝ። ለአንድ ፋይል መዝገብ 150 ባይት ገደማ ቢታሰብ፣ 400,000 ፋይል በየሳምንቱ ሙሉ ባክአፕ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት በ60 ቀን የሚያከማቸው ኢንዴክሱን (የመፈለጊያ ማውጫውን) ሳይጨምር ግማሽ ጊጋባይት ያህል ነው። ለዚህ ቦታ ሲባል ሠራተኞቹን ቀኑን ሙሉ ማስጠበቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የካታሎጉን ስህተቶች የሚፈትሸውንና የሚያርመውን የባኩላ መሣሪያ፣ ዲቢቼክን፣ ካታሎጉን ሳትገለብጡ አታስኪዱ።

የካታሎጉ ባክአፕ ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ ይሂድ፤ ቡትስትራፕ ፋይሉም ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ፤ ካታሎጉ በጠፋ ቀን የካታሎጉ ቅጂ በየትኛው ቮልዩም ላይ እንዳለ የሚነግራችሁ እርሱ ነው።