«ሞተሩ ነክሷል» ከማለታችሁ በፊት

የከባድ መኪና ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጠቅ ብሎ ዝም ካለ «ነክሷል (ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ብሏል)፣ ሞተሩ ይውረድ» የሚላችሁ አይጠፋም። አትቸኩሉ። መጀመሪያ ባትሪ ነው። አብዛኛው ከባድ መኪና 24 ቮልት ስለሆነ ሁለቱንም ባትሪዎች ለየብቻ፣ ቁልፉ ለማስነሳት በተያዘበት ሰዓት ለኩ። ከሻሲው ጋር የሚያያዘውንም ገመድ እዩ።

ባትሪው ደህና ከሆነ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊውን ብሎን በረጅም ቁልፍ ያዙና ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ዞረ? አልነከሰም። ካልዞረ ሞተሪኖውን ፍቱትና ድገሙ፤ ጥርሱ ቮላኖው (ሞተሪኖው የሚያዞረው ትልቅ ጥርሳም ጎማ) ላይ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። በጥርስ የሚነዳ የአየር ኮምፕሬሰር ከተያዘም ሞተሩን ይዞ ያስቀራል።

አሁንም እምቢ ካለ፣ እባካችሁ ቁልፍ እያዞራችሁ ሞተሪኖ ደጋግማችሁ አትምቱ፣ ጎትታችሁ በማርሽም ለማስነሳት አትሞክሩ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ወይም ናፍጣ ሞልቶ ከሆነ ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅምና ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ይታጠፋል፣ በትንሽ ወጪ የሚያልቀው ነገር ያኔ ነው ትልቅ የሚሆነው። ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በሙሉ ፍቱ፣ ፊታችሁን አርቁ፣ በእጅ አዙሩ። ውሃ ከወጣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ወይ ቴስታታው ወይም ላይነሩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ተሰንጥቋል፣ ወይ ጎርፍ ስታቋርጡ በአየር ማጣሪያው ገብቷል። ናፍጣ ከሆነ የሚያንጠባጥበውን ኢንጀክተር ፈልጉ። ቴስታታው ሲነሳ እያንዳንዱን ፒስተን እስከ ላይኛው ጫፉ አምጥታችሁ ከፍታቸውን አነጻጽሩ፤ አንዱ ዝቅ ካለ ቢየላው ታጥፏል።

ትንሽ ዞሮ ብረት እንደነካ የሚቆም፣ ወደ ኋላ ግን የሚመለስ ከሆነ የወደቀ ቫልቭ ወይም የተሰበረ የታይሚንግ (ክራንኩን ከቫልቮቹ ጋር የሚያስማማው) ጥርስ ጠርጥሩ።

ጨርሶ የማይነቃነቅበትን ምክንያት ሹፌሩ ያውቀዋል፤ ሳትቆጡ ጠይቁት። አፋር በረሃ ላይ ውሃ ጨርሶ ሙቀቱ ከወጣ ፒስተኑ ላይነሩን ነክሶ ይሆናል፣ ሲበርድ ቢዞር እንኳ አትመኑት፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበት ኃይል) ይለካ። የዘይት መብራት በርቶ እየነዳ ከነበረ ግን ብሮንዚኑ (ክራንኩ የሚዞርበት ልሙጥ ማቀፊያ) ነው። ዘይቱን አውርዱ፣ ፊልትሮውን (የዘይት ማጣሪያውን) ቆርጣችሁ እጥፋቱን ዘርጉት፤ መዳብ የሚመስል ስብርባሪ ካለ ኮፓውን (ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት ገንዳ) አውርዳችሁ የቢየላ ካፖቹን (ማሰሪያ ክዳኖቹን) አንድ በአንድ ፍቱ። የጠቆረው ወይም ሰማያዊ የሆነው እሱ ነው የነከሰው። ብዙ ጊዜ ቆሞ ዝጎ የተያዘን ሞተር ግን አትክፈቱት ገና፤ በኢንጀክተር ቀዳዳ ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ቀላቅላችሁ ጨምሩ፣ ለቀናት ተዉት፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ በቀስታ አነቃንቁት።

ብሮንዚን የሚገዛው ክራንኩ ተለክቶ ነው። በፊት የተሞረደ ከሆነ ስታንዳርዱ አይሆንም፣ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር የሚወፍር ሊፈልግ ይችላል። የዘይት ፓምፑን ሳታዩ ደግሞ አትግጠሙ።