የሬቲናንና የዓይን ውስጥ ብግነትን ሕክምና በልኬት እንዴት መከታተል ይቻላል?

ሬቲና ከዓይን ኳስ በስተጀርባ የተነጠፈ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል መልእክት የሚለውጥ ስስ ክፍል ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭም የለውም። በዚህ ምክንያት ደም ሲፈስበት፣ ፈሳሽ ሲቋጥር ወይም ከሥሩ ያልተፈለጉ የደም ሥሮች ሲበቅሉ ባለቤቱን አያመውም። በዚህ ላይ ጤነኛው ዓይን የታመመውን ጉድለት ስለሚሸፍን፣ ብዙ ሰው አንድ ዓይኑ መድከሙን የሚያውቀው በአጋጣሚ ሌላኛውን በእጁ ሲሸፍን ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈውም ለዚህ ነው። በሬቲናም ሆነ በዓይን ውስጥ ብግነት (የዓይን የውስጥ ክፍል መቆጣት) ሕክምና ለመጀመር፣ ለመቀጠልና ለማቆም የሚወሰነው በልኬት ነው፤ ታካሚው ስለተሻለው ብቻ ያቋረጠው ሕክምና ብዙ ጊዜ በእይታ ዋጋ ያስከፍላል።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ፣ ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

ማኩላ የሬቲና መሀል ነው፤ ማንበብና ፊት መለየት የሚቻለው በእሱ ነው። እሱን ለመፈተሽ አምስለር የሚባለውን፣ መሀሉ ላይ ነጥብ ያለበትን ባለ አራት ማዕዘን መስመሮች ሠንጠረዥ በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይያዙ። የንባብ መነጽር ካለዎት ያድርጉት፤ አንዱን ዓይን ይሸፍኑና በሌላኛው ነጥቡን ብቻ ይመልከቱ። ባለፈው ያልነበረ የመስመር መጉበጥ፣ መቆረጥ ወይም መጥፋት ካዩ ወደ ሐኪምዎ ይደውሉ። ሠንጠረዡ ከሌለ የበር መቃን ወይም የመስኮት ጠርዝም ይሠራል፤ ዋናው ነገር ዓይኖቹን ለየብቻ መፈተሽ ነው።

ድንገት የበረከቱ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ብልጭታ፣ ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ሬቲና መቀደዱን ወይም መላቀቁን ስለሚጠቁሙ በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። በአንድ ዓይን በድንገትና ያለ ሕመም የጠፋ እይታ ደግሞ የሬቲና ደም ቅዳ መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በአንጎል ላይ ከሚደርስ ስትሮክ እኩል ስለሚታይ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ዓይን ቀልቶ ሲያም፣ ብርሃን ሲፈራና እይታም ሲደበዝዝ በቤት የተረፈ ጠብታ አይጨምሩ። ጠብታው ስቴሮይድ የተባለው ብግነት አብራጅ መድኃኒት ካለበትና ሕመሙ የሄርፒስ ቫይረስ ከሆነ፣ የዓይንን የፊት መስታወት ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ምርመራው ላይ ምን ይጠይቃሉ?

ሐኪሙ ሬቲናን በደንብ ለማየት ብሌንን በጠብታ ያሰፋል። እይታ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚደበዝዝና ብርሃን ስለሚያስቸግር መኪና እየነዱ አይሂዱ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኦ.ሲ.ቲ. ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1991 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቀረበው ይህ መሣሪያ ለዓይን በማይታይ ብርሃን የሬቲናን ንብርብሮች ከጎን እንደተቆረጠ ኬክ አድርጎ ያሳያል። አገጭዎን አስደግፈው ትንሿን ብርሃን ለጥቂት ሰከንዶች ማየት ብቻ ይበቃል፤ ዓይንን የሚነካ ነገር የለም። ምስሉ ላይ ፈሳሽ እንደ ጥቁር ኪስ ይታያል፤ የማኩላው መሀል ውፍረትም በማይክሮ ሜትር ተለክቶ ይጻፋል።

ይህን ቁጥር በየቀጠሮው ጠይቀው ከቀኑ ጋር ይመዝግቡት፤ ከተቻለም የምስሉን ቅጂ ይያዙ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎች የሬቲናን ወሰን በተለያየ ቦታ ላይ ስለሚያሰምሩ፣ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ሐኪም ቤት ቀይረው ቁጥሩ ከፍ ቢል ሕመሙ ባሰ ብለው ከመደንገጥዎ በፊት መሣሪያው ተመሳሳይ መሆኑን ይጠይቁ።

ፍሎረሲን የተባለው ቢጫ ቀለም በክንድ ደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳው የሬቲና ፎቶ አሁንም ቦታውን አልለቀቀም። ቆዳን ለሰዓታት ያህል ቢጫ፣ ሽንትን ደግሞ ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ስለሚችልና አልፎ አልፎም አለርጂ ስለሚቀሰቅስ፣ ከዚህ ቀደም መድኃኒት አስቆጥቶዎት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። የኦ.ሲ.ቲ. አንጂዮግራፊ ያለ ምንም ቀለም የደም ሕዋሳትን እንቅስቃሴ ተከትሎ የደም ሥሮችን ካርታ ይሠራል፤ ነገር ግን የደም ሥር ማፍሰሱን አያሳይም። የሬቲና የደም ሥሮች በተቆጡበት ሕመም ማፍሰሱ ዋናው ማስረጃ ስለሆነ፣ «አዲሱ መሣሪያ እያለ አሮጌው ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የሬቲና ፎቶ ምርመራ ሊቀርብላቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ሐኪም ምስሉን ሳያነብለት ውጤት የሚሰጥ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ መሣሪያ ፈቅዷል። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱም ስኳር ሬቲናን ከቀላል ደረጃ በላይ ጎድቷል ወይስ አልጎዳም የሚለው። ግላኮማንም ሆነ ሌላ ሕመምን ስለማይፈልግ ነጻ ነህ ማለቱ ሙሉ የዓይን ምርመራን አይተካም። የዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኛ በሽታው በታወቀበት ጊዜ፣ የዓይነት 1 ሕመምተኛ በ5 ዓመት ውስጥ፣ ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡር ደግሞ በእርግዝናዋ መጀመሪያ ሬቲናዋን መታየት አለባት።

በዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ

በእርጥቡ የማኩላ ሕመም (ከማኩላ ሥር ያልተፈለጉ የደም ሥሮች በቅለው በሚያፈሱበት)፣ በስኳር ምክንያት በሚመጣ የማኩላ እብጠትና በሬቲና ደም መልስ መዘጋት፣ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለው ፕሮቲን የደም ሥሮችን እያበቀለና እያስፈሰሰ ይጎዳል። ይህን ፕሮቲን የሚያግደው ራኒቢዙማብ እ.ኤ.አ. በ2006፣ አፍሊበርሴፕት በ2011 ተፈቅደዋል። ለካንሰር የተሠራው ቤቫሲዙማብም ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ በብዙ ቦታ ይሰጣል፤ በእርጥቡ የማኩላ ሕመም ላይ በተደረጉ ንጽጽሮችም ከራኒቢዙማብ ጋር የተቀራረበ ውጤት አሳይቷል። በ2022 የመጣው ፋሪሲማብ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ.ንና ሌላ አንድ ፕሮቲንን በአንድ ጊዜ ያግዳል፤ በ2023 ደግሞ የ8 ሚሊ ግራም አፍሊበርሴፕት ተፈቀደ። የሁለቱ ዋና ጥቅም በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ በሁለት መርፌዎች መካከል ያለውን ጊዜ እስከ 4 ወር ማራዘማቸው ነው፤ ከቀደሙት ይልቅ እይታን እጅግ አብልጠው ያሻሽላሉ ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም።

ሕክምናው በተለምዶ በየወሩ ይጀመራል። ኦ.ሲ.ቲ. ላይ ፈሳሹ ሲደርቅ ቀጠሮው በ2 ወይም በ4 ሳምንት እየተራዘመ ይሄዳል፤ ፈሳሽ ሲመለስ ደግሞ ይጠባል። ስለዚህ «ደርቋል» ሲባሉ የሚጠይቁት «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብለው ነው፤ የደረቀው መድኃኒቱ ስላለ ነውና።

ሰው የሚፈራው የመርፌውን ሐሳብ ስለሆነ ሂደቱን በቅርብ ላሳይ። ዓይን በጠብታ ይደነዝዛል፤ ከዚያም ቡናማ በሆነ የአዮዲን መፍትሔ ይታጠባል። ይህ እጥበት ከጀርም የሚጠብቀው ዋናው እርምጃ ስለሆነ ቢያቃጥልም እንዲቀርልዎ አይለምኑ። የዓይን ቆብ በትንሽ መያዣ ተከፍቶ ይቆያል፤ ታካሚው ወደ ጎን እንዲያይ ይነገረዋል፤ እጅግ ቀጭን መርፌ ከዓይን ጥቁር ክፍል ጠርዝ 3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርቆ በነጩ በኩል ይገባል። የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 0.05 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንዲት ጠብታ ያህል ነው። ከገባ እስከወጣ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይፈጃል፤ ብዙዎች የሚሰማቸው መጫን ነው።

በዚያ ቀን መቆርቆር፣ በነጩ ላይ የደም ነቁጥ፣ እንዲሁም እንደ ክብ ጥቁር ኳስ የሚንሳፈፍ የአየር አረፋ ቢታይ አያስጨንቅም። በሚቀጥሉት ቀናት ግን ሕመሙ እየጨመረ፣ መቅላቱ እየባሰና እይታው እየደበዘዘ ከሄደ የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ሺህ መርፌዎች በአንዱ ብቻ የሚደርስ ቢሆንም ዓይንን የሚያድኑት ሰዓታት ናቸው፤ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

ያልተፈለጉ የደም ሥሮች ሳይበቅሉ የማኩላ ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚሞቱበት ደረቁ የማኩላ ሕመም ተስፋው ጠባብ ነው። በ2023 በአሜሪካ የተፈቀዱት ሁለት መርፌዎች የሕዋሳቱን መሞት ያዘገያሉ እንጂ የጠፋ እይታ አይመልሱም፤ እርጥቡ ዓይነት የመከሰቱን ዕድልም ይጨምራሉ። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ከሐኪምዎ ጋር ረጋ ብለው ሊመክሩበት ይገባል። የቪታሚን ክኒን የሚጠቅመው መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ነው፤ የሚያጨስ ወይም ያጨስ የነበረ ሰው ቤታ ካሮቲን ያለበትን መውሰድ የለበትም፤ የሳንባ ካንሰር ዕድልን ይጨምራልና።

የዓይን ውስጥ ብግነት፦ ከመድኃኒቱ በፊት ስሙ

ዩቪያይተስ የሚባለው የዓይን ውስጥ ብግነት የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት ነው የሚለው ነው፤ ከፊት፣ ከመሀል፣ ከኋላ ወይስ በሁሉም ክፍል? ሐኪሙ ስሊት ላምፕ በተባለው ማጉያ መሣሪያ ቀጭን ጨረር ወደ ዓይን ሲልክ፣ በመስኮት በገባ የፀሐይ ብርሃን ውስጥ እንደሚንሳፈፍ አቧራ ነጭ የደም ሕዋሳት ይታያሉ። 1 ሚሊ ሜትር በ1 ሚሊ ሜትር በሆነ ጨረር ውስጥ ቆጥሮም ደረጃ ይሰጣል፤ ከ6 እስከ 15 ሕዋስ ደረጃ 1፣ ከ16 እስከ 25 ሕዋስ ደረጃ 2፣ ከ50 በላይ ደግሞ ደረጃ 4 ይባላል። ባለሙያዎች በ2005 የተስማሙበት ይህ መለኪያ፣ አንድ ሐኪም የጻፈውን ሌላው እንዲረዳው አስችሏል። የእርስዎንም ደረጃ በማስታወሻዎ ይጻፉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ኢንፌክሽን ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው፤ ከዚህ የሚከብድ ውሳኔ የለም ብዬ አምናለሁ። ቂጥኝ፣ ቲቢ፣ ሄርፒስና ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሌላ ብግነት መስለው ይመጣሉ፤ ለእነሱ ተገቢው መድኃኒት ሳይሰጥ የሰውነትን መከላከያ ማዳከም ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የቂጥኝ ምርመራ ሲታዘዝ እንደ ስድብ አይቁጠሩት፤ ለሁሉም የሚታዘዝ ነው። ጥርጣሬው ሲጠነክር ከዓይን ፊት 0.1 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ተቀድቶ በፒ.ሲ.አር. የጀርሙ ዘረመል ይፈለጋል። ጠዋት የሚያስቸግር የወገብ መድረቅ፣ የሚመላለስ የአፍ ቁስል፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ የቆየ ሳል ወይም ተቅማጥ ካለዎት ከዓይን ጋር የማይገናኝ ቢመስልዎትም ይንገሩ፤ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚገኘው ከእነዚህ ነው።

ስቴሮይድ ብግነትን በፍጥነት ያበርዳል፤ ሲቆይ ግን የዓይን ሞራና የዓይን ግፊት መጨመር ያመጣል። ስለዚህ በየቀጠሮው ግፊቱ መለካቱን ያረጋግጡ። ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ለ3 እስከ 6 ወር የሚሠራ የዴክሳሜታዞን፣ እስከ 3 ዓመት የሚቆይ የፍሉኦሲኖሎን ቅንጣትም አለ፤ ሌላውን ሰውነት ቢያተርፉም በዓይኑ ላይ ያው ጉዳት አላቸው።

የሚዋጠው ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በቀን ወደ 7.5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ካልቻለ፣ ስቴሮይድን የሚተካ መድኃኒት ይጀመራል። በ2019 በወጣ ንጽጽር ሜቶትሬክሴት ከማይኮፌኖሌት ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው፣ ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን ነው፤ በስህተት በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል። የሚወስዱበትን ቀን ስም በማሸጊያው ላይ በትልቁ ይጻፉ። በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም፤ የደምና የጉበት ምርመራም ይከተለዋል። በ2016 ለዓይን ብግነት የተፈቀደው አዳሊሙማብ በየ2 ሳምንቱ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ መመርመር፣ የነርቭ ሽፋን ሕመም መኖር አለመኖሩም መጠየቅ አለበት።

የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ለብቻው ሊነሳ ይገባል። የዓይን ብግነት ሲይዛቸው ዓይናቸው ብዙ ጊዜ አይቀላም፣ አያምም፤ ነጭና ውብ ሆኖ ሳለ ውስጡ ይጎዳል። ተጋላጭነታቸው ከፍ ያለው ልጆች ምንም ባይሉም በየ3 ወሩ በስሊት ላምፕ መታየት አለባቸው። በ2017 የታተመ ጥናት ሜቶትሬክሴት ላይ አዳሊሙማብ መጨመር የሕክምናውን መክሸፍ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የጠብታው አጠቃቀም ቀላል ይመስላል፤ ይሁንና ብዙ ሕክምና የሚበላሸው እዚያ ነው። ፕሬድኒሶሎን አሲቴት ከፈሳሹ ጋር የማይሟሟ ዱቄት ስለሆነ ካልተናጠ መድኃኒቱ ከጠርሙሱ ሥር ይቀራል። ስለዚህ በደንብ ይናጡት፤ እጅ ታጥበው የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ ያድርጉ፤ አንድ ጠብታ ብቻ ይጨምሩ፤ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ይጫኑ። ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። መቅላቱ በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም በታዘዘው መሠረት ደረጃ በደረጃ ይቀንሱ፤ በአንዴ የቆመ ስቴሮይድ ብግነቱን ይመልሰዋል። ሐኪሙ ማቆም ይቻላል ሲልዎትም ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት ሕዋሱ ስንት እንደተቆጠረ፣ ማኩላው ስንት እንደተለካና ያለ መድኃኒት የሚታዩበት ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቀው በማስታወሻዎ ይጻፉ።