ከኮንቱር የተሠራ የመሬት ሞዴል ሐሰተኛ ሜዳ ሲያበዛ እንዴት ይስተካከላል?

ወሎ ውስጥ አናታቸው ሜዳ የሆነ አምባዎች በሽ ናቸው፤ መቅደላን ማየት ይበቃል። ከኮንቱር፣ ማለትም ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ከሚያገናኘው መስመር፣ የሚሠራ ሞዴል ደግሞ የራሱን ሜዳ ይፈጥራል። የቱ የፈጣሪ፣ የቱ የሶፍትዌር ነው? ዋናው ሥራ ይህን መለየት ነው።

ሐሰተኛው ሜዳ እንዲህ ይመጣል። ቲን የሚባለው ሞዴል ነጥቦችን ሦስት ሦስት እያደረገ በሶስት ማዕዘን ያገናኛል። ሦስቱም ነጥቦች አንድ ኮንቱር ላይ ከዋሉ ከፍታቸው እኩል ነው፣ ሶስት ማዕዘኑም ጠፍጣፋ ይሆናል። በሹል ጫፍ፣ በሸንተረርና በሸለቆ ወለል ላይ ይበዛል።

መጀመሪያ ተዳፋቱን አስሉና ዜሮ የወጣውን ቦታ ሁሉ በቀይ ቀለም አውጡት። ቀዩ ቦታ እውነተኛ አምባ መሆኑን ከሳተላይት ምስል አረጋግጡ። የተሳሳተ ቁጥር የተጻፈበት ኮንቱር ካለም አሁኑኑ አርሙ።

ቀጥሎ ሞዴሉ የጎደለውን ስጡት። ካርታው ላይ ያሉትን የጫፍ ከፍታ ነጥቦች አስገቡ። ከዚያ ወንዞቹን። ለምሳሌ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቦርከናን ስትስሉ መስመሩ ከላይ ወደ ታች ይሂድ። አርክጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ቶፖ ቱ ራስተር የሚባል ሞዴል መሥሪያ ከወንዙ የሚፈልገው አቅጣጫውን ብቻ ነው። ቲን ግን ከፍታም ይጠይቃል። ወንዙ ኮንቱር የሚያቋርጥበትን ቦታ ከፍታ ውሰዱ፣ በሁለቱ ማቋረጫዎች መካከል ያለውን በርቀቱ ልክ አካፍሉት። ሸንተረሩንም እንደዚሁ፤ አድካሚ ነው፣ ግን ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

የአምባው ጠርዝ ግን ሌላ ነው። ገደሉን እንደ ቁርጥ መስመር (ተዳፋቱ በድንገት የሚለወጥበትን ቦታ ለሞዴሉ እንደሚያሳይ መስመር) ካላስገባችሁት ሞዴሉ ወደ ተራ ዳገት ይለውጠዋል። ሎጎ ሐይቅና አርዲቦ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋው ትክክል ነው፤ ዳርቻቸውን በአንድ ከፍታ ዝጉት።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ማለስለሻ ይጫናል። እኔ አልመክርም። ሐሰተኛው ሜዳ አይጠፋም፣ ይደበቃል እንጂ፤ የገደሉ ጠርዝም አብሮ ይሟሟል። በየ20 ሜትር ከፍታ ከተሣለ ኮንቱር የ5 ሜትር ፒክስል (የሞዴሉ ትንሿ ካሬ) ማውጣትም ያው ነው፤ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ መረጃ አይጨምርም።

በመጨረሻ ከሞዴሉ በ10 ሜትር ልዩነት አዲስ ኮንቱር አውጡና በዋናው ላይ ደርቡት። የ20ዎቹ መግጠም አለባቸው። በመሃል የገቡት ከተጣመሙ ወይም ከዋናው መስመር ጋር ከተጣበቁ እዚያ ቦታ ላይ ነጥብ ወይም መስመር ይጎድላል፤ ጨምሩና እንደገና አስሉ።