ጎመኑ ጠቆረ፣ መረረ፣ ውሃ አቆረ፦ ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ጠቁሯል። ድስቱ ተከድኖ ስለቆየ ነው። ቅጠሉ ሲሞቅ አሲድ ይለቃል፤ ክዳኑ እንፋሎቱን መልሶ ያንጠባጥበዋል፤ አሲዱ ከአረንጓዴው ቀለም ውስጥ ማግኒዥየሙን ያወጣና ጎመኑ ወይራ መልክ ይይዛል። በትልቅ ድስት 2 ሊትር ውሃ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጋር ይንተክተክ፤ 1 ኪሎ ጎመን በሁለት ዙር ጨምሩ፣ ሳትከድኑ። ሁሉም ባንዴ ከገባ ውሃው ይቀዘቅዝና ቅጠሉ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ሎሚ የሚጨመቀው ሲቀርብ ብቻ ነው። ሶዳ መነስነስ ቀለሙን ይጠብቃል፣ ግን ቅጠሉን ያላሽቃል፣ ቫይታሚን ሲንም ያጠፋል፤ አንመክርም።

አልበስል ብሏል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ ላይ የሚበቃው ደቂቃ እዚህ ያንሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአገዳው ነው። ቅጠሉን አጥፋችሁ አገዳውን ሳቡት፤ በቀጭኑ ከትፋችሁ ከቅጠሉ 4 ደቂቃ አስቀድማችሁ ክተቱት። በሁለት ጣት ሲጫኑት ከተደፈጠጠ በቃው።

ውሃ አቁሯል። ሳይጨመቅ ሽንኩርቱ ላይ ገብቷል። በወንፊት አጠንፍፉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ እፍኝ እፍኝ እያደረጋችሁ ጠብታው እስኪቆም ጭመቁ፤ የሚከተፈው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በ3 ማንኪያ ዘይት አቁላልታችሁ ጎመኑን 5 ደቂቃ አገላብጡ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ መጨረሻ ላይ። የተቀቀለበት ውሃ ካልመረረ አይደፋ፤ የቅጠሉ ቫይታሚን በከፊል እዚያ ስላለ ለሽሮ ይሁን፣ የሽሮውን ጨው እየቀነሳችሁ።

መርሯል። አበባ ያወጣ ወይም ያረጀ ጎመን ነው፤ የመጀመሪያውን ውሃ ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ጨርሱት። ነጭ ሽንኩርቱ አርሮ ከሆነ ግን መድኃኒት የለውም።

አሸዋ ይንኮሻኮሻል። በክረምት ከሐይቁ ዳር የሚመጣው ቅጠል ጭቃ የተረጨበት ነው። ሳይከተፍ በሰፊ ሳፋ እጠቡት፤ ቅጠሉን ከላይ አንሱ እንጂ ውሃውን ከነቅጠሉ አትድፉ፣ አሸዋው ይመለሳል። ሦስት ጊዜ።

ደም ማነስ ላለበት የሚቀርብ ከሆነ ሎሚውን አትርሱ፤ ብረቱ በሰውነት እንዲያዝ ይረዳል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይህንኑ ይቀንሳሉና ጀበናው ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።